«ባክቴሪያውን ለልጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ?»

«ሰላም እህቴ። የ7 ዓመት ወንድ ልጄ ሆዱን ሲያመው ከረመ። ማታ ማታ ከእንቅልፉ እየነቃ ያለቅስ ነበር፣ ክብደቱም ቀነሰ። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ባለ ካሜራ ቀጭን ቱቦ) ሲታይ የጨጓራ ቁስለት አለው፣ ያመጣበትም ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው ተባልን። የ14 ቀን መድኃኒት ታዞለት ዛሬ 3ኛ ቀኑ ነው። የምንኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ 7 ሆነን ነው። የ9፣ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆቼ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ስለሚመጣ በበርሜል እናጠራቅማለን። ባለቤቴ ለዓመታት ጨጓራ አለብኝ እያለ ኦሜፕራዞል የሚባል የአሲድ መቀነሻ ይውጣል። አማቴ ‹ንጽህና ብትጠብቂ ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር› አሉኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ትንሿ ልጄ 10 ወሯ ነው፣ ጡት ትጠባለች። እሷንም ላስመርምራት? ጡት ልከልክላት? ልጁን ለብቻው ላስተኛው? ሰሃኑንስ ልለይ? ለመሆኑ ከማን ነው የያዘው? እኔ ነኝ?»

እህቴ፣ እንኳን ምክንያቱ ታወቀላችሁ። ሌሊት ሆዱን ይዞ የሚነሳ ልጅ አቅፎ መክረም ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። በዚያ ድካም ላይ ደግሞ «ያንቺ ጥፋት ነው» መባል ሲጨመር እንቅልፍ ማጣትሽ አይገርመኝም። ጥያቄዎችሽን ከመጨረሻው ልጀምር፣ ያቆሰለሽ እሱ ነውና።

ከማን ያዘው? ቁርጡን ልንገርሽ፣ ይሄን በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ሰው የለም። ኤች ፓይሎሪ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ በሚጠጋው ሰው ጨጓራ ውስጥ እንደሚኖር ይገመታል። አብዛኛው ሰው የሚያዘው ገና በልጅነቱ ነው፣ ከዚያም ካልታከመ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ከተያዙት ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። አያማቸውም፣ አያስመልሳቸውም፣ የምግብ ፍላጎታቸውም አይዘጋም። ስለዚህ እቤታችሁ ካሉት 7 ሰዎች ማን ከማን ቀድሞ እንደተያዘ ፊት አይቶ መለየት አይቻልም። አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ባለቤትሽ ሊሆን ይችላል። የ9 ዓመቷ እህቱ ልትሆን ትችላለች። አማትሽም ሊሆኑ ይችላሉ። ይሄን የምለው እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ልጅ ሳሉ ካሳደጋቸው ሰው ወይም አብሯቸው ከተኛ ወንድም እህት ነው የሚይዛቸው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ስለዚህ ባክቴሪያ በተሠሩ ጥናቶች ውስጥ «እናት» የሚለው ቃል ይደጋገማል። እናትየዋ ባክቴሪያው ካለባት የልጇ የመያዝ ዕድል ከፍ ይላል፣ የሁለቱ ባክቴሪያ በዘረመል ሲመረመርም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ይሄን ስታነቢ «በቃ እኔ ነኝ» እንዳትዪ። እዚያ ላይ የሚታየው ቅርበት ነው። ልጁን የምታጎርሰው፣ ሲያስመልሰው ግንባሩን የምትይዘው፣ አፉን የምትጠርገው፣ ማታ ጎኗ የምታስተኛው እናት ስለሆነች ነው። አባትየው ያንን ሁሉ ቢያደርግ ኖሮ የእሱ ስም ነበር የሚደጋገመው። «የእናት ትምህርት ማነስ» የሚል ነገርም ታገኚ ይሆናል። እሱም ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ገቢን፣ የቤት ስፋትን፣ የውሃና የመጸዳጃ ሁኔታን ነው፤ ያልተማረች እናት ሰነፍ ናት ማለት አይደለም።

ክፍል ሲጠብና ሰው ሲበዛ ይሄ ባክቴሪያ መንገዱ ይቀናዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አዋቂ ሰዎችን መርምሮ በልጅነታቸው እንዴት ይኖሩ እንደነበር ጠይቋቸው ነበር። በተጨናነቀ ቤት ያደጉት፣ አልጋ ተጋርተው የተኙት፣ ቤታቸው የሞቀ ውሃ በቧንቧ ያልነበራቸው ላይ ባክቴሪያው በብዛት ተገኘ። ልብ በይ፣ የተጠየቁት ዛሬ ስለሚኖሩበት ቤት ሳይሆን ከብዙ ዓመት በፊት ስላደጉበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በኮሎምቢያ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ልጆችን አይቶ፣ ባክቴሪያው ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ይበልጡንም በዕድሜ በሚቀራረቡት መካከል እንደሚተላለፍ የሚጠቁም ውጤት አገኘ። ያንቺዎቹ 9፣ 7 እና 4 ናቸው፣ አንድ አልጋ ላይ። እና አማትሽ «ንጽህና» ያሉት ነገር ውስጥ የቤቱ ጥበት አለ፣ በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው ውሃ አለ፣ በተከታታይ የተወለዱ ልጆች አሉ። እነዚህን አንቺ በመጥረጊያ አታስተካክያቸውም።

ታዲያ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ይቻላል፣ ግን ባክቴሪያው በየት እንደሚወጣና በየት እንደሚገባ ማወቅ ይጠይቃል። ቤቱ ጨጓራ ነው። አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ያለውን አሲድ ስለሚያበርድ ሌሎች ባክቴሪያዎች በሚሞቱበት ቦታ ይኖራል። ከዚያ ወጥቶ ሌላ ሰው አፍ የሚደርሰው በትውከት፣ በሰገራና በምራቅ ነው። ከሦስቱ እኔ አብዝቼ የምፈራው ትውከትን ነው፣ ምክንያቱም በቀጥታ ከጨጓራ የሚመጣ ስለሆነ ባክቴሪያውን በሕይወት እንዳለ ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የሰሜን ካሊፎርኒያ ጥናትም ባክቴሪያው ያለበት የቤተሰብ አባል ሆዱ ታውኮ ሲያስመልሰው ሌሎቹ አዲስ የመያዝ ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳይቷል።

አሁን እስቲ አንድ ሌሊት እናስብ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። መሃል የተኛው ልጅ ብድግ ይልና ትራሱ ላይ ያስመልሳል። ትንሹ ፀጉር ላይ ደርሷል፣ ግን እሱ እንቅልፉን አልጨረሰም፣ እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ተኝቷል። አንቺ በጨለማ ያገኘሽውን ፎጣ ታነሺና የታመመውን አፍ ትጠርጊያለሽ፣ በዚያው ፎጣ የትንሹንም ፊት። ወዲያው ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግ አድርገሽ ጡት ልትሰጫት ትሄጃለሽ። እንዲህ ያላደረገች እናት አላውቅም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ባክቴሪያው ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ለመሄድ የሚመቸው ግን እንዲህ ያለው ሌሊት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከአልጋው ሥር አንድ ባልዲ አስቀምጪ፣ ባልዲው ውስጥ የማትሳሺላቸው አሮጌ ጨርቆች ይኑሩ። ልጅ ሲያስመልሰው መጀመሪያ ሌሎቹን ልጆች ወዲያ አርቂያቸው፣ ከዚያ ጽዳቱ ይደርሳል። አንዱን ልጅ የጠረገ ጨርቅ ሌላውን አይንካ። የቆሸሸው አንሶላ እስኪነጋ ባልዲው ውስጥ ይቆይ፣ ሲነጋ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ወለሉን በበረኪና ጥረጊው። እጅሽንም በሳሙና ሳትታጠቢ ሕፃኗን አትንኪ፣ ብታለቅስም አንድ ደቂቃ ታልቅስ። ውሃ እንደሚቸግርሽ ገብቶኛል፣ ለዚህ ነው ቧንቧ ያላት አንዲት ትንሽ ጀሪካን ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ለይተሽ ከነሳሙናዋ መጸዳጃው አጠገብ አስቀምጪ የምልሽ። ሳሙና ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራትና ከማጉረስ በፊት ነው ዋናው ሥራው። ለልጆቹም እንደዚሁ።

በርሜሉን እንየው። አንድ ኩባያ ጠርዙ ላይ ተሰቅላ ሁሉም እየመጣ እየጨለፈ የሚጠጣ ከሆነ፣ የሁሉም ጣት በየቀኑ ውሃው ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የመጠጥ ውሃውን ከበርሜሉ ለዪው። አፈ ጠባብ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ አይጨለፍም፣ ይቀዳል። ሲፈላ እስኪንተከተክ ጠብቀሽ አንድ ደቂቃ ጨምሪለት፣ ወይም የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በመመሪያው መሠረት ተጠቀሚ። ውሃን በተመለከተ ሐቁን ልንገርሽ፣ ዋናው መተላለፊያ ከሰው ወደ ሰው እንደሆነ ይታመናል፣ የውሃው ድርሻ የዚያን ያህል አልጠራም፣ ያልታከመ ውሃ የሚጠጡ ልጆች ላይ ግን በብዛት ይታያል። ለእኔ ሌላም ምክንያት አለኝ። ንጹሕ ውሃ ተቅማጥና ትውከትን ይቀንሳል፣ ትውከት ሲቀንስ ደግሞ ከላይ የነገርኩሽ ዓይነት ሌሊትም ይቀንሳል።

ማንኪያ ላይ ስንመጣ የ10 ወሯን ልጅ ነው የማስበው። ሾርባው በርዶ እንደሆነ ለማየት በራሷ ማንኪያ ቀምሰሽ መልሰሽ ታጎርሻታለሽ፣ አይደል? ሁለት ማንኪያ ያዢ፣ አንዱ የመቅመሻ፣ አንዱ የእሷ። ወይም ጠብታ አንጓሽ ላይ አድርገሽ ሙቀቱን እይ። ምግብ አላምጦ ለሕፃን ማጉረስ ካለ ይቁም፣ ማንም ያድርገው ማንም። በማንኪያ ፈጭቶ ወይም አድቅቆ መስጠት ያንኑ ሥራ ይሠራል። የወደቀ ጡጦ በአፍ ጠርጎ መልሶ መስጠትም ይቁም። የጥርስ ብሩሽ ለየራስ ነው። መሳምን ግን አልከለክልሽም። ጉንጯን ሳሚያት፣ ግንባሯን ሳሚያት፣ ከንፈሯን ብቻ ተዪላት።

ሰሃኑን ልለይ ወይ ላልሽው፣ አትለዪ። ሰሃንና ኩባያ በሳሙና በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በቂ ነው፣ ምግብ ለየራስ ከቀረበና አንዱ የጠጣበትን ኩባያ ሌላው ሳይታጠብ ካልተቀበለው ሌላ መለየት አያስፈልግም። እኔ ልጅ ሳለሁ ታምሜ ኩባያዬ ተለይታ ነበር፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር ታስሮባት። ከዳንኩ በኋላም ክሩ አልተፈታም ነበር፣ እህቴ በስህተት ባነሳቻት ቁጥር «ያ የእሷ ነው!» ይባል ነበር። ምን እንዳመመኝ ረስቼዋለሁ፣ ክሩን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ልጅሽ ላይ እንዲህ ያለ ክር አትሰሪበት። አልጋም እንደዚሁ ነው፣ አቅም ካለሽ አንድ ፍራሽ ጨምሪና ሦስቱን አሳሺ፣ ግን እሱን ብቻ ነጥለሽ እንደ ቅጣት አታውጪው። ፍራሽ ካልተገኘ ትራስ ለየራሳቸው ስጪያቸውና አንዱን በግርጌ በኩል አስተኚው፣ ፊት ለፊት እንዳይተነፋፈሱና ምራቅ እንዳይነካካቸው።

ሕፃኗን አታስመርምሪ። ጡትም አትከልክያት፣ የጡት ወተት የዚህ ባክቴሪያ ዋና መተላለፊያ አይደለም፣ ለእሷ ያለው ጥቅም ደግሞ ተወዳዳሪ የለውም። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የሆድ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት የጋራ መመሪያ ላይ ግልጽ አድርገው እንዳስቀመጡት፣ በልጆች ላይ ምርመራ የሚደረገው የሕመሙን ምክንያት ለማግኘት እንጂ ባክቴሪያው አለ ወይስ የለም ለማለት ብቻ አይደለም። ጤነኛ ልጅ ተመርምሮ «አለበት» ሲባል ምን ይሆናል? ያላስፈለገው ሁለትና ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይውጣል። በትንንሾች ላይ ባክቴሪያው አንዳንዴ በራሱ ይጠፋል፣ ታክመው የዳኑም በዚያ ዕድሜ ተመልሶ ሊይዛቸው ይችላል። በደም የሚደረገውንማ ለልጅ ጨርሶ አታሠሪ፣ የድሮ ይሁን የአሁን አይለይም። ለ9 እና ለ4 ዓመቶቹም መልሴ ያው ነው፣ ደህና ከሆኑ ተያቸው። አልፎ አልፎ ሆዴን የሚል ልጅ ሁሉ ኤች ፓይሎሪ ነው ማለትም አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱን ሕመም ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ትውከቱ ከተደጋገመ፣ ወይም የደም ማነሱ የብረት መድኃኒት እየወሰደም አልሻል ካለ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ትውከቱ ላይ ደም ከታየ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን አትደሪ፣ ያኑ ሰዓት ሂጂ።

ባለቤትሽን ግን ይመርመር እላለሁ። ለዓመታት ጨጓራ የሚለው ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ኦሜፕራዞል ብቻ እየዋጠ መኖር የለበትም። ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ብቻውን ባክቴሪያውን አያጠፋም። የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የቅመም ውጤት ነው ተብሎ ሲታመን ስንት ዘመን ኖሯል። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ሲያሳድጉት እንኳ የሚያምናቸው ጥቂት ነበር፣ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እስኪቆጣ ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ባለቤትሽ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይመርመር፣ ሐኪሙ ከፈቀደለትም ኦሜፕራዞሉን ከ2 ሳምንት በፊት ያቁም፣ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። የልጁን መድኃኒት ከእሱ ጋር መካፈል ግን ፈጽሞ የለም። የሁለቱ መጠን ለየቅል ነው።

የልጁን መድኃኒት በተመለከተ ገና 3ኛ ቀኑ ነው፣ ከባዱ ገና ነው። አፉ ብረት ብረት ሊለው ይችላል፣ ሆዱ ሊላላ ይችላል፣ 6ኛው ቀን ላይ ሕመሙ ሲጠፋለት ደግሞ «አሁንማ ድኗል» የሚል ሰው ከቤት አይጠፋም። 14ቱም ቀን ይሙላ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ሰዓት ጠብቆ። የተዘለለ መድኃኒት ባክቴሪያውን መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል፣ ያኔ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሰውነቱ ሽፍ ካለ ወይም መድኃኒቱ አልረጋለት ካለ ራስሽ አታቋርጪ፣ ለሐኪሙ ደውዪ። ከታዘዘለት ውስጥ ቢስሙዝ የሚባል መድኃኒት ካለ ሰገራውን ሊያጠቁረው ይችላልና አለ ወይስ የለም ብለሽ ከአሁኑ ጠይቂ። ካንሰር የሚል ነገር አንብበሽ ከሆነም፣ አዎ፣ ኤች ፓይሎሪ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል፣ ሆኖም ከተያዙት አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካንሰር አያገኛቸውም፣ ያንቺ ልጅ ደግሞ በ7 ዓመቱ እየታከመ ነው።

አማትሽን በሚመለከት፣ ቁጭ አድርገሽ አትከራከሪያቸው። የልጁ ሕመም እሳቸውንም አስደንግጧቸዋል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። «እማዬ፣ ሐኪሙ ይሄ ነገር ሰው በበዛበት ቤት ከሁላችንም ሊመጣ ይችላል ብሏል፣ እስቲ መድኃኒቱን በሰዓቱ በመስጠት ያግዙኝ» በያቸው። የመጠጥ ውሃውን ዕቃና የሕፃኗን ሁለት ማንኪያም ለእሳቸው አደራ ስጪ። እቤት የሚውሉት እሳቸው ከሆኑ ካንቺ ይልቅ ይቆጣጠሩታል።

ካላንደር ላይ 14ኛውን ቀን ክበቢ። ከዚያ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆጥረሽ ሌላ ቀን ክበቢ፣ ባክቴሪያው መጥፋቱ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ የሚረጋገጠው ያኔ ነው። የአሲድ መቀነሻውን ከምርመራው በፊት 2 ሳምንት ማቆሙን አስታውሺ፣ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ቀጠሮውን አትተዪ። ውጤቱ ሲደርስሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።